ፊት ላይ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ሁሉ ማድያት አይደለም

 

ዛሬ የማወራችሁ ብዙ ሰው "የውበት ጉዳይ ነው" ብሎ ስለሚያልፈው ነገር ነው። ፊት ላይ፣ ከንፈር ላይና መዳፍ ላይ ስለሚወጡ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ምክንያቱም እነዚህ ነጠብጣቦች አንዳንዴ ስለ ሳንባና ስለ ልብ የሚነግሩን ነገር አለ።

በምሳሌ ልጀምር። ታሪኩ የአንድ የተወሰነ ሰው አይደለም፤ በዚህ በሽታ ላይ ከሚታዩ ምልክቶች ገጣጥሜ ያዘጋጀሁት ነው። ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ "ይቺን ሴትዮ የማውቃት መሰለኝ" የምትሉ ትኖራላችሁ።

አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ትሠራለች እንበል። እናቷ መርሳ ናቸው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ማንጎና ብርቱካን ይሸጣሉ። ልጅቷ ለበዓል አገሯ ስትገባ የእናቷ ፊት ተለውጦ ታገኘዋለች። ጉንጫቸውና ከንፈራቸው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለ።

"እማዬ፣ ፊትሽን ምን ነካው?"

"ተይኝ እስቲ፣ ማድያት ነው። ፀሐይ ላይ ውዬ አይደል የማድረው። ቅባት ገዝቼ እየተቀባሁ ነው።"

ምሳ ቀረበ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ለእናቷ ጉርሻ ጠቀለለች። እናት "አሳንሺው፣ አፌ አልከፈት ብሎኛል" አሉ። ልጅቷ ሳቀች። ቀልድ ነበር የመሰላት።

በማግስቱ ዘመድ ለመጠየቅ ደሴ አብረው ወጡ። ደሴ ብርድ ናት። ከመኪና ሲወርዱ የእናት ሁለት ጣቶች እንደ ኖራ ነጡ፣ ቀጥለው ጠቆር ብለው ሰማያዊ መሰሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ቀሉ። "ሁሌ ደጋ ስወጣ እንዲህ ያደርገኛል፣ መርሳ ስመለስ ይተወኛል" አሉ እናት። ዳገቷን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ይሄንንም "እርጅና ነው" አሉት። ዕድሜያቸው ግን 46 ነው።

ማድያት፣ ፀሐይ፣ ብርድ፣ እርጅና። ለእያንዳንዱ ምልክት የተለያየ ምክንያት ተሰጠው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አራቱም ምልክቶች ከአንድ በሽታ ሊመጡ ይችላሉ።

የበሽታው ስም ማን ነው?

ሲስተሚክ ስክለሮሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ ስክሌሮደርማ እያልን እንጠራዋለን፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን "ጠንካራ ቆዳ" ማለት ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ከውጭ የመጣን ጀርም መዋጋት ሲገባው ተሳስቶ የራሱን አካል ሲያጠቃ ከሚመጡ በሽታዎች አንዱ ነው። በብዛት የማይታይ በሽታ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ብዙ እጥፍ ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

በሽታው ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ የመከላከያ ሥርዓቱን ያዛባል። ሦስተኛ፣ ቆዳና የውስጥ አካላት ላይ ጠባሳ መሳይ ጠንካራ ሥጋ እንዲጠራቀም ያደርጋል። "ሲስተሚክ" የተባለውም ለዚህ ነው፤ ከቆዳ አልፎ ጉሮሮን፣ ጨጓራን፣ ሳንባን፣ ልብንና ኩላሊትን ስለሚነካ።

ቀዩ ነጠብጣብስ?

ሐኪሞች ቴላንጂኤክቴዥያ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ከቆዳ ሥር ያሉ በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው በዓይን ሲታዩ ማለት ነው። ደም የፈሰሰበት ቦታ አይደለም። ቁስልም፣ ሽፍታም አይደለም።

ለምን ይሰፋሉ? እስቲ በመስኖ አስቡት። የጊራናን ወይም የመርሳን ማሳዎች የምታውቁ ወዲያው ይገባችኋል። አንድ ማሳ አሥር ትንንሽ ቦዮች አሉት እንበል። ሰባቱ ቢደፈኑ ውኃው በቀሩት ሦስት ቦዮች ይጎርፋል፣ ሦስቱም ይሰፋሉ። በዚህ በሽታም ብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠፋሉ፣ የቀሩት ይለጠጣሉ። አካሉ የጠፋውን ለመተካት ሲሞክርም ቅርጻቸው የተዛባ አዳዲስ ሥሮች ይሠራል። ፊት ላይ የምናየው ቀይ ነጥብ እንግዲህ የሰፋው ቦይ ነው። የተደፈኑት ሰባቱ አይታዩም።

ይህን ነጠብጣብ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አንድ ላይ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ዊንተርባወር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ላይ ቀይ ነጠብጣቡ፣ በብርድ የሚነጡት ጣቶች፣ የጣት ቆዳ መጥበቅና ከቆዳ ሥር የሚጠራቀመው ካልሲየም በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደሚታዩ ገለጸ። በኋላ የጉሮሮ ችግር ተጨምሮበት አምስቱ ምልክቶች በአንድነት "ክሬስት" ተባሉ። የስሙ የመጨረሻ ፊደል የቆመችው ለዚሁ ለቀይ ነጠብጣብ ነው።

በእኛ ቆዳ ላይ እንዴት ይታያል?

ይሄ ቁልፍ ጥያቄ ነው። በሕክምና መጻሕፍት የምናያቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጮች ቆዳ ናቸው። እዚያ ነጠብጣቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ይደበቃል፤ አንዳንዴ ቀይ ከመሆን ይልቅ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። "ማድያት ነው" የሚባለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚፈለግበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

👉 ከንፈር፣ የከንፈር የውስጥ ክፍልና ምላስ
👉 መዳፍና የጣቶች ውስጠኛ ገጽ
👉 ጉንጭ፣ አፍንጫና ግንባር
👉 የጥፍር ሥር፣ ቆዳው ከጥፍሩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ

ሰዓቱ ቀን ይሁን፤ በአምፖል ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን እዩ። ለሰርግ ወይም ለበዓል ሒና ወይም እንሶስላ የተደረገበት እጅ ሁሉንም ነገር ይሸፍናል፤ የጥፍር ቀለምም እንዲሁ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ እጃችሁ ከእነዚህ የጸዳ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቀላል ሙከራ ላሳያችሁ። ነጥቡን በንጹሕ ብርጭቆ ጠርዝ ወይም በጣት ጫን በሉት። የደም ሥር ከሆነ ይደበዝዛል፣ ስትለቁት ተመልሶ ይሞላል። ማድያት ግን ብትጫኑትም ቀለሙ አይለወጥም፤ ማድያት የቀለም ጉዳይ እንጂ የደም ሥር አይደለምና።

በጥቁር ቆዳ ላይ ሌላም ምልክት አለ። ደረት፣ አንገት ወይም ግንባር ላይ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለ የሚመስል ዥጉርጉር መልክ ይወጣል፤ ቆዳው ነጣ ይላል፣ በየፀጉሩ ሥር ግን ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ይሄንን ብዙ ሰው "ለምጽ" ይለዋል። በለምጽ ግን ቆዳው አይጠብቅም፣ ጣትም በብርድ አይነጣም።

ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ሁሉ ስክሌሮደርማ አለበት ማለት ነው?

ኧረ በፍጹም! እንዳትደናገጡ። የቆዳ ደም ሥር በብዙ ምክንያት ይሰፋል። በእርግዝና ጊዜ ይመጣል፣ ከወሊድ በኋላም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የጉበት በሽታ ያለበት ሰው ደረቱና ትከሻው ላይ እንደ ሸረሪት እግር ያለው ነጥብ ይወጣበታል፤ መሐሉን ስትጫኑት እግሮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፣ ስትለቁትም ከመሐል ወደ ዳር ይሞላል። የስክሌሮደርማው ግን ብዙ ጊዜ እግር የሌለው፣ ዝርግ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። በዘር የሚወረስ ዓይነትም አለ፤ እሱ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ በተደጋጋሚ በሚፈሰው ነስር ይታወቃል።

ሌላው፣ ከተማ ላይ በጣም የማየው ምክንያት ደግሞ ቅባት ነው። ፊት ያቀላል እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ቅባቶች ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አላቸው። ለወራት ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮቹንም ያሰፋል። ማለትም "ነጠብጣቡን ያጠፋልኛል" ብላችሁ የምትቀቡት ቅባት ራሱ ነጠብጣብ ይፈጥራል! የእኛ እናትም ቅባቱን በተቀቡ ቁጥር ምልክቱ እየባሰ፣ እውነተኛው በሽታ ደግሞ እየተሸፈነ ይሄዳል።

ታዲያ መቼ ነው መጠርጠር ያለብን? ነጠብጣቡ ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋር ሲመጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት በጋራ ባወጡት መስፈርት እያንዳንዱ ምልክት ነጥብ አለው። ቀይ ነጠብጣብ 2 ነጥብ ይይዛል፣ በብርድ የሚነጣ ጣት 3፣ የጣት ቆዳ መጥበቅ 4። ድምሩ 9 ሲደርስ በሽታው አለ ተብሎ ይመደባል። አያችሁ? ነጠብጣቡ ብቻውን 2 ነው። ከነጣው ጣትና ከጠበቀው ቆዳ ጋር ሲደመር ግን 9 ሞላ።

ቆላ ያለ ሰው ለምን ይዘገያል?

በብርድ ጊዜ ጣት ነጥቶ፣ ሰማያዊ መስሎ፣ ከዚያ መቅላቱ ሬይኖ ይባላል፤ በ1862 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ በጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም በሞሪስ ሬይኖ ስም ነው። በስክሌሮደርማ ከሞላ ጎደል ሁሉም ታማሚ ላይ ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከሌሎቹ ምልክቶች በዓመታት ይቀድማል።

እንግዲህ አስቡት፤ ጋሸና ወይም ደሴ የሚኖር ሰው ጠዋት ጠዋት ጣቱ ሲነጣ ያስተውላል። መርሳ፣ ውርጌሳ ወይም ሲሪንቃ የሚኖር ሰው ግን ሙቀቱ ይደብቅለታል። ምልክቱ የሚወጣው ደጋ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ ወይም በድንገት ሲደነግጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የቆላ ሰው ላይ ጥያቄውን ቀይሩት። "ጣትሽ ይነጣል?" ከማለት ይልቅ "ደሴ ወይ ድልብ ስትወጪ ጣትሽ ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የስልካችሁ ካሜራም እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሬይኖ ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ያልፋል፤ ሐኪሙ የሚያየው ጤነኛ የሚመስል እጅ ነው። ጣቱ በነጣበት ሰዓት ወዲያው ፎቶ አንሱ። ያቺ ፎቶ ከብዙ ማብራሪያ ትበልጣለች።

ነጠብጣቡ ስለ ሳንባ ምን ይነግረናል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ፊት ላይ የምናየው የደም ሥር ለውጥ ሳንባ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄዱት ሥሮች ሲጠቡ የሳንባ ደም ግፊት ይጨምራል። ልብ በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ይታገላል፤ በመጨረሻም ይደክማል። ይሄ በክንድ የሚለካው ተራ የደም ግፊት አይደለም። በክንድ ሲለካ ግፊቱ ጤናማ የሆነ ሰው የሳንባው ግፊት ከፍተኛ ሊሆን ይችላል።

ስክሌሮደርማ ካለባቸው 100 ሰዎች ከ8 እስከ 12 የሚሆኑት ይህ የሳንባ ደም ግፊት ይይዛቸዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት ነጠብጣባቸው የበዛ ታማሚዎች ይህ ችግር የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በ2014 የወጣውና "ዲቴክት" የሚባለው የመለያ ዘዴም የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከሚያያቸው 6 ነገሮች አንዱ ይኸው ቀይ ነጠብጣብ ነው። አስቡት፣ ከደም ምርመራ፣ ከትንፋሽ ምርመራና ከልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ጋር እኩል ተሰልፎ!

ይህ ማለት ነጠብጣብ ያለበት ስክሌሮደርማ ታማሚ ሁሉ ሳንባው ታሟል ማለት አይደለም። ሳንባው መታየት አለበት ማለት ነው። በሽታው ሳንባውን በጠባሳ የሚያደርቅበት ሌላም መንገድ አለው። ዛሬ በዓለም ላይ የስክሌሮደርማ ታማሚዎችን ከሚገድሉት ነገሮች ቀዳሚው የሳንባ ችግር ነው። እናት ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ መቆማቸው "እርጅና" ተብሎ የማይታለፈው ለዚህ ነው።

የሰፉት የደም ሥሮች ጨጓራ ውስጥም ሊወጡ ይችላሉ። በካሜራ ሲታይ የጨጓራው ግድግዳ እንደ ሐብሐብ ቅርፊት ሸርተር ሸርተር ያለ ስለሚመስል ሐኪሞች "የሐብሐብ ጨጓራ" ይሉታል። ቀስ እያለ ይደማል። ሰውየው ደም ሲፈስ ላያይ ይችላል፤ ደም ማነስ፣ ድካምና አንዳንዴ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ብቻ ይኖረዋል። የብረት እንክብል እየወሰደ ደሙ አልመለስ ያለው የስክሌሮደርማ ታማሚ ጨጓራው ይታይ።

"ሥጋ ደዌ ይሆን እንዴ?"

ይሄንን ጥያቄ የማነሳው ሆን ብዬ ነው። በሽታው ሲቆይ የጣት ጫፍ ይቆስላል፣ ጣት ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ያጥራል። ጎረቤት ያያል፣ ሹክሹክታ ይጀመራል። ሴትየዋ ገበያ ላይ እጇን በነጠላዋ መሸፈን ትጀምራለች። ደንበኛ ይሸሻታል። በሽታው ካደረሰባት ጉዳት ይልቅ ይሄኛው የሚያማት ጊዜ አለ።

ልዩነቱን ልንገራችሁ። በሥጋ ደዌ ቆዳው ይደነዝዛል፤ ሰውየው እሳት ቢነካው እንኳ ላይሰማው ይችላል። በስክሌሮደርማ ግን ጣቱ ይሰማዋል፣ እንዲያውም ቁስሉ ክፉኛ ያማል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ይድናል፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ሕክምና የጀመረ ሰውም ማስተላለፉን ያቆማል። ስክሌሮደርማ ደግሞ ቀድሞ ነገር አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ መጨባበጥ፣ አንድ ቤት ማደር ምንም አያመጣም። ሁለቱም ቢሆኑ ሰውን የሚያሸሹ በሽታዎች አይደሉም።

የወሎ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ቦታ ቅርቡ አለ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሥጋ ደዌንና የቆዳ በሽታዎችን በማከም ለረጅም ዓመታት የሚታወቅ ነው። "ሥጋ ደዌ ነው" ብሎ ጎረቤት ከሚፈርድ፣ ባለሙያ አይቶ ይለየው።

የት እንሂድ? ምን እንመርመር?

መርሳ ያለ ሰው መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ተቋም ይሂድ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ የሪፈር ወረቀቱን ቅደም ተከተል ጠብቁ፤ ያለ ወረቀት ዘላችሁ ብትሄዱ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወልድያ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በሌላኛው አቅጣጫ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጉዳዩ ከከበደ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ይላካል። ለዚህ በሽታ ዋናው ባለሙያ የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት ነው፤ አገራችን ውስጥ ቁጥራቸው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ስፔሻሊስት እስኪገኝ ቁጭ አትበሉ፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ብዙውን ሥራ መጀመር ይችላል።

ሐኪሙ ቆዳውን ይዳስሳል፣ የጥፍር ሥር የደም ሥሮችን በማጉያ ያያል። ልዩ መሣሪያ ባይኖር እንኳ ለዓይን ምርመራ በምንጠቀምበት መመልከቻ ጥፍር ሥር ጠብታ ዘይት አድርጎ ማየት ይቻላል። የሚታዘዙት ምርመራዎች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፦

👉 የደም ግፊት፣ የሽንትና የኩላሊት ምርመራ
👉 የደም መጠን
👉 ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራና እንደ አንቲ ሴንትሮመር ያሉ ተጨማሪ ምርመራዎች
👉 የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ)፤ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝም በየዓመቱ ይደገማል
👉 የትንፋሽ ምርመራና፣ ሲያስፈልግ፣ የደረት ሲቲ ስካን

ሕክምና አለው?

አብሽሩ፣ አለው። በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። እያንዳንዱን ጉዳት ግን መቆጣጠር ይቻላል። ለሚነጡት ጣቶች ኒፈዲፒን ወይም አምሎዲፒን አለ፤ ሁለቱም በየፋርማሲው የሚገኙ የግፊት መድኃኒቶች ናቸው። ለቃርና ለጉሮሮ ኦሜፕራዞል ይረዳል። ለሳንባ ጠባሳ የመከላከያ ኃይሉን የሚያበርዱ መድኃኒቶች፣ ለሳንባ ደም ግፊት ደግሞ እንደ ሲልደናፊል ያሉ አሉ። ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ!

ኩላሊት ላይ የሆነው ነገር ተስፋ ይሰጣል። ድሮ ስክሌሮደርማ ኩላሊትን በድንገት ሲያጠቃ አብዛኞቹ ታማሚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪል የሚባሉት መድኃኒቶች ከመጡ በኋላ ብዙዎቹ መትረፍ ጀመሩ። እነዚህ ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው። የሚሠሩት ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው። ስለዚህ የስክሌሮደርማ ታማሚ ግፊቱን ዘወትር ይለካ፤ በድንገት ከ140/90 በላይ ከወጣ፣ በተለይ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለው፣ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ።

ነጠብጣቡስ? በሌዘር ማደብዘዝ ይቻላል። ሌዘሩ መልኩን ያሳምራል፣ በሽታውን አይነካም፤ ነጠብጣቡም ሊመለስ ይችላል። በገንዘብ ከተቸገራችሁ መጀመሪያ ለኢኮ ክፈሉ፣ ሌዘሩ ይቆይ። በሜካፕ መሸፈን ምንም ጉዳት የለውም፤ ሥር አረንጓዴ ቅባት ማድረግ ቀዩን ያጠፋዋል።

እነዚህን ግን አታድርጉ

👉 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፕሬድኒሶሎን አትውሰዱ። "ለቁርጥማት" ተብሎ እንደ ቀላል ነገር ይወሰዳል፤ በዚህ በሽታ ግን በቀን ከ15 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ያንን የኩላሊት አደጋ ሊቀሰቅስ ይችላል። በሐኪም የታዘዘላችሁ ካላችሁ ደግሞ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ አማክሩ።
👉 ሲጋራ አታጭሱ። ጫትም ተዉ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ሥር ያጠብባል። የወሎ ወዳጆቼ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ፤ ጣታችሁ ይበልጥብኛል።
👉 የነጣ ጣት እሳት ላይ አታሙቁ፣ ይቃጠላል። ብብት ውስጥ ወይም ለብ ባለ ውኃ አሙቁት። ደጋ ስትወጡ ጓንት፣ ካልሲና ጋቢ ይኑራችሁ፤ ደረት ሲሞቅ ጣትም ይሞቃል።
👉 የጣት ቁስልን በቤት ውስጥ አትቁረጡ፣ አታፍርጡ።

ስልክ ደውላችሁ የምትጠይቋቸው 6 ጥያቄዎች

ብዙዎቻችሁ ከተማ ናችሁ፤ እናት፣ አክስት፣ እኅት አገር ቤት ናት። ዛሬ ማታ ስትደውሉ፣ ቪዲዮ ካለ በቪዲዮ፣ እነዚህን ጠይቁ።

1. ደጋ ስትወጪ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ስትነኪ ጣትሽ ይነጣል?
2. የጣትሽ ቆዳ ጠብቋል? ቀለበትሽ እንቢ ብሏል? ሁለት መዳፍሽን አጋጥሚ፣ ጣቶችሽ ይገናኛሉ?
3. አፍሽ እንደ ድሮው ይከፈታል? ሦስት ጣት ደርበሽ ይገባል? ጉርሻስ?
4. ምግብ ሲወርድ ይይዝሻል? ቃር አለሽ?
5. ዳገት ስትወጪ ከእኩዮችሽ በላይ ያልብሻል፣ ትንፋሽ ያጥርሻል?
6. ፊትሽ፣ ከንፈርሽ ወይም መዳፍሽ ላይ ስትጫኚው የሚደበዝዝ ነጥብ አለ?

አንድ "አዎ" ብቻውን ብዙም አያስፈራም። ሁለትና ከዚያ በላይ "አዎ" ካለ፣ በተለይ የመጀመሪያው ካለበት፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አምስተኛው ካለበት አታዘግዩ። ተኝቶ መተንፈስ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ፣ እግሩ ያበጠ ወይም ጥቁር ሰገራ ያየ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይድረስ።

ወደ መርሳዋ እናት ልመለስ። ልጅቷ ደሴ ላይ የነጡትን ጣቶች በስልኳ አንስታለች እንበል። በማግስቱ እናቷን ይዛ ሐኪም ጋ ስትገባ ሌላ ነገር ሳትናገር ፎቶውን አሳየች። ሐኪሙ ፎቶውን አየ፣ ከዚያ ከንፈራቸውን አየ፣ ከዚያ "እስቲ እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ" አለ። አራቱ ምልክቶች የተገናኙት ያኔ ነው። ኢኮ ታዘዘ፣ ግፊት ተለካ፣ ቅባቱ ቆመ። የሳንባው ነገር ገና ጅማሬ ላይ እያለ ከተደረሰበት እኚህ እናት ለብዙ ዓመታት ማንጎና ብርቱካናቸውን እየሸጡ የመኖር ዕድል አላቸው። ጉርሻዋ ብቻ አነስ ትበል።

ውድ ቤተሰቦች፣ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ፎቶ ልካችሁልኝ "ይሄ እሱ ነው?" ብትሉኝ በፎቶ ብቻ አልፈርድም፤ ቆዳው መዳሰስ፣ ደረቱ መደመጥ አለበት። ፊት ላይ ነጠብጣብ ኖሮት ጣቱ በብርድ የሚነጣ ሰው ካወቃችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ላኩለት። አገር ቤት ስልክ የሌላት እናት ካለችም አንብቡላት።

ጤናችሁ ይብዛ! ሼር ማድረግ አትርሱ።